ጦርነቱን ሠርግ ያደረግንበት ቀን

ነገሩ የሆነው በ1983 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ጉደር ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ላብ ያጠምቀኛል፣ ቀጥሎ ሳቅ ይመጣብኛል።

ያኔ ወንደላጤ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ የማመራው ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ኦቦ ቶላሳ በረንዳ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ደስታም አይቀርም። የከተማው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ መንግሥትን የሚወጉት ተዋጊዎች በወለጋ በኩል እየመጡ ነው።

«ለምን እንደሚዋጉ ግን ገብቷችኋል? ለሥልጣን ነው» አለ ያን ቀን ደስታ።

«ለመሬት ነው» አልኩ እኔ፣ የነገሩኝ ይመስል።

ኦቦ ቶላሳ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ሁለቱም ለእናንተ ብለን ነው ይላሉ። እኛን የጠየቀን ግን የለም» አሉ።

ከዚያ ወደ ጦርነቱ ማግሥት ተሻገርን። ደስታ የማዘጋጃ ቤቱን ማኅተም ለማን እንደሚያስረክብ ተጨነቀ። እኔ የፖለቲካ ትምህርቱ በስፖርት ይተካ አልኩ። ኦቦ ቶላሳ ከበዓል መፈክር የተረፋቸው ቀይ ጨርቅ የትራስ ልብስ እንደሚወጣው ወሰኑ። ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አገሪቱን አደላደልናት። ስለሚሞተው ሰው ያነሳ አልነበረም።

«ግድ የላችሁም፣ ወር አይሞላም፣ ያልቅለታል!» አለ ደስታ ሞቅ ብሎት።

«ማነው የሚያልቅለት?»

ዞር ስንል የወረዳው ካድሬ ጓድ ሽፈራው ቆሟል። አሉባልታ ነዛችሁ ብሎ ሰው የሚያሳስር ነው።

«ይኼ መምህር ነዋ!» አሉ ኦቦ ቶላሳ፣ ሜትራቸውን አንሥተው ትከሻዬን እየለኩ። «ሊያገባ ነው። ወንደላጤነቱ አለቀለት።»

«ማንን?»

«የደስታን እኅት።»

ደስታን ምራቁ ትን አለው።

ጓድ ሽፈራው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በዚህ ክፉ ጊዜ ምን አስቸኮለህ?»

«ተገፍቼ ነው ጓድ» አልኩ።

«ማግሥቱንስ አስባችሁበታል? ሰው መጀመሩን እንጂ ማግሥቱን አያስብም።»

ስለ ሠርጉ ይሁን ስለ ሌላው አልገባኝም። እሱ ግን ወደ ነቀምት መንገድ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኦቦ ቶላሳ፣ ከሙሽራው በፊት ለእኔ አንድ ኮት ይስፉልኝ። የገበሬ ዓይነት። ካኪ እንዳይሆን።»

«ቶሌ» አሉ ኦቦ ቶላሳ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ሜትራቸውንም ወደ እሱ አዞሩ።

የደስታ እኅት ወሬው ደርሷት ኖሮ በማግሥቱ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ተዋጊዎቹ ከተማዋ የገቡት ወር ሳይሞላ፣ በጠዋት ነው። ደስታ ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልሎ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ማንም አልፈለገውም። እኔና ኦቦ ቶላሳ በረንዳው ላይ ነበርን። በተዋጊዎቹ መሐል የገበሬ ኮት የለበሰ አንድ ሰው ጭራሮ የጫነች አህያ እየነዳ መጣ።

«አከም ቡልተን?» ብሎ እንዴት እንዳደርን ጠየቀን፣ ቀና ሳይል። ጓድ ሽፈራው ነበር።

«ነጋ» አልን፣ ደህና ነን ማለታችን ነው።

አንዱ ተዋጊ ወደ እኛ ጠጋ ብሎ፣ «ታውቁታላችሁ?» አለ።

«ደንበኛዬ ነው» አሉ ኦቦ ቶላሳ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ጓድ ሽፈራው በእንጭኒ በኩል ዘመዶች ነበሩት፤ እዚያ ገባ ሲሉ ሰማሁ እንጂ ደግሜ አላየሁትም።

ባለመጠቆሜ አልጸጸትም። አፌን ያዘጋኝ ርኅራኄ ይሁን ፍርሃት ግን እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።