መጣሁ ብላ የሄደችው
ነርስነት የምትማረው እህቴ ክረምቱን ባሕር ማዶ፣ በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የአረጋውያን መጦሪያ ስታገለግል ከረመች። መቼም በእኛ ቋንቋ «መጣሁ» የሚለው የሚሄደው ሰው ነው፤ እሷም ከክፍል በወጣች ቁጥር በለመደ አፏ «መጣሁ» ትላለች። ቋንቋዋን የማያውቁ አንዲት የአልጋ ቁራኛ አሮጊት ቃሉን ለመዱት፤ እሱን ከሰሙ እንደምትመለስ ስለሚያውቁ ይረጋጋሉ።

የመጨረሻው ቀን ጀግናዋ እህቴ መሰናበት ፈራች። ሻንጣዋን ኮሪደር ላይ ደብቃ፣ ጉንጫቸውን ስማ፣ «መጣሁ» ብላቸው ወደ አገሯ በረረች።

ትናንት፣ ባሕር ማዶ አብረዋት የከረሙት ተማሪዎች ሳሎናችን ተሰብስበው ፎቶ እያዩ ሲሳሳቁ፣ የመጦሪያው ነርስ ደወለች።

«ሴትየዋ በር በተከፈተ ቁጥር ‹መጣሁ› እያሉ ይጣራሉ» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ስምሽ ነው እንዴ?»

እህቴ መሬት መሬቱን እያየች «አዎ» አለች።