ኮምፒውተሩ «ተወስደዋል» ያላቸው እናት

ትናንት ከምሳ በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስሠራ አስቴር ደወለች። አስቴር ጓደኛዬ ናት፤ ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። እኔ ደግሞ እነአስቴርን ወደየበሩ የሚልከውን ሲስተም ከሚሠሩት ፕሮግራመሮች አንዷ ነኝ። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም...

«ሰብሊ፣ ሲስተማችሁ ምን ሆኗል? አንዲት እናት በሩ ጋ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘሁ። አውሮፕላናቸው ከገባ ቆይቷል።»

«ሰው አልተላከላቸውም?»

«ስማቸውን ስልኬ ላይ ስፈልግ "ተወስደዋል" ይላል። እሳቸው ግን እዚሁ ናቸው።»

ልጃቸው ውጭ እየጠበቀች ነበር፤ ይህን አስቴር በኋላ ነው የነገረችኝ። እዚሁ ፒዮሪያ ስትሪት ነው የምትኖረው፤ እናቷን ካየች ዓመታት አልፈዋል። የመረጃ ዴስኩ ጋ ሄዳ ስትጠይቅ «እናትሽ ተወስደዋል ይላል ኮምፒውተሩ» አሏት። ማን ወሰዳቸው፣ የት ወሰዳቸው... የሚነግራት የለም። እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው እናት ጠፉባት ማለት ነው። አስቴር እየገፋች ስታደርስላት ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ኮዱን ከፈትኩ። ጠዋት የገባ አዲስ ለውጥ አለ። ያስገባው ብራያን ነው፣ አብሮኝ የሚሠራው። በኤአይ አጽፎ፣ ሳያነብ።

ኮዳችን ውስጥ ድሮ የተተወ ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ ያለ አንድ የኮድ ክፍል፣ አሁን ከምንጠቀምበት ጋር ስሙ አንድ ነው። በድሮው አሠራር የዊልቸር ጥሪው ለሠራተኛ ገና እንደተመደበ፣ ማንም ሳይደርስላቸው፣ «ተወስደዋል» ይባልና ከሠራተኛው ስልክ ይጠፋል። ኤአዩ የድሮውን አየና የአሁኑን እንደዚያው አድርጎ «አስተካከለው»።

እኔን ያናደደኝ ስህተቱ አይደለም። ስናገር መክረሜ ነው።

ኤአይ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ነገር ልክ አለው። ያለንን ኮድ ሁሉ፣ የሞተውንም የሚሠራውንም፣ ዝም ብለህ ብትደፋበት ዋናው ነገር ይጠፋበታል። ስለዚህ ማውጫ ሠርቼለት ነበር። የቱ ኮድ የት እንዳለ፣ ከምን ጋር እንደሚገናኝ፣ የትኛው እንደተተወ የሚናገር። መጀመሪያ ማውጫውን ያያል፣ ከዚያ የሚያስፈልገውን ፋይል ብቻ ይከፍታል። አለቃችን «አሁን ለእሱ ጊዜ የለንም» አለኝ። ብራያን ደግሞ ሳቀብኝ። «ሁሉንም ስጪው በቃ፣ ከእኛ በላይ ያውቃል።»

ለውጡን ወዲያው ሰርዤ ኮዱን ወደ ነበረበት መለስኩና ሁለቱንም ስብሰባ ጠራኋቸው። አለቃችን ረጋ ብሎ «የኤአይ ስህተት ነው፣ ያጋጥማል። ሪፖርቱ ላይ እንደዚያ ብለሽ ጻፊው» አለኝ።

«አልጽፍም» አልኩት። «ማነው ኮዱን በሙሉ የደፋበት? ማነው ሳያነብ ያስገባው?»

ብራያን ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ «ማንም ሊሳሳት ይችላል» አለ።

ላፕቶፔን ወደ እነሱ አዞርኩ። ብራያን ጠዋት ያዘዘውን ያንኑ ነገር ኤአዩን አዘዝኩት፣ አሁን ግን ከነማውጫው። ቶሎ መለሰ። የተተወውን ፎልደር አልነካውም። ትክክለኛውን ፋይል ከፈተ፣ አንድ መስመር ቀየረ፣ ለምን እንደቀየረውም አስረዳ።

አለቃችን ጉሮሮውን ጠረገና «ጥሩ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እንሥራ። ብራያን፣ አንተ ምራው» አለ።

ብራያን ይምራው!

«የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የምመራውም እኔ ነኝ» ብዬ ጥያቸው ወጣሁ። ቆይቶ አለቃችን «እሺ፣ ያንቺ ነው» የሚል አጭር መልእክት ላከልኝ። ደስ እንኳ አላለኝም።

ከሥራ ስወጣ መኪናዬን ኮልፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ ለልጅቷ ደወልኩላት፤ ቁጥሯን አስቴር ናት የሰጠችኝ። እናቷን አገናኘችኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ጥፋቱ የቢሯችን ነው» አልኳቸው።

«ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እኔስ መቀመጡ አልከበደኝም... ሽንት ቤቱ ወዴት እንደሆነ የምጠይቀው ሰው ነው ያጣሁት።»

ከተሰናበትኳቸው በኋላ መኪናውን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስገባ ስለ እሳቸው አንድ ቃል የጠየቀኝ ሰው የለም። ኤአዩ ግን ትናንት ስህተቱን ገና ሳሳየው «በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎኛል። ከቢሮው ከእኔ ሌላ ይቅርታ ያለ እሱ ብቻ ነው... እሱ ደግሞ ለማንም ነው የሚለው።