በየወሩ ወደ ወንጂ

አዳማ ውስጥ በነርስነት ስሠራ አንድ የነርቭ ሐኪም ለጥናቱ መረጃ የሚሰበስብለት ሰው ፈለገ። ጥናቱ ኩፍኝ ከያዛቸው ከዓመታት በኋላ ቫይረሱ አንጎላቸው ውስጥ ስለሚቀሰቀስባቸው ጥቂት ልጆች ነበር። የሚያድን መድኃኒት አልነበረንም። የእኔ ሥራ በሽታው እንዴት እየገፋ እንደሚሄድ በየወሩ ቅጽ ላይ መሙላት ነበር።

ከልጆቹ አንዷ ወንጂ፣ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ሰፈር ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነበር። መጀመሪያ ለውጡን ያየችው አስተማሪዋ ናት፤ የልጅቷ ጽሑፍ ከመስመር እየወጣ ሄደ። እናቷ ስንፍና መስሏት ተቆጥታታለች።

በመጀመሪያው ወር ልጅቷ በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ፤ ከሃያ ወደ ኋላ ቁጠሪ ስላት አሥራ አራትን ዘላ ሳቀች። በሦስተኛው ወር እጇ በድንገት እየነጠረ የያዘችውን ይጥልባት ጀመር። በአምስተኛው መራመድ አቃታት።

ያን ቀን እናቷ፣ «ሲስተር፣ ይሄ የምትጽፊው ልጄን ያድናታል?» አለችኝ።

«እሷን አያድናትም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትመጪው?»

«ሌላ ልጅ ሲታመም ቀጥሎ የሚመጣውን ሐኪሞች እንዲያውቁ።»

«እኔስ ልወቅ እንጂ! ቀጥሎ ምንድን ነው የሚመጣው?»

ይህን ለቤተሰብ የሚናገረው ሐኪሙ ነው ተብዬ ነበር። ሐኪሙ ግን ወንጂ መጥቶ አያውቅም። ነገርኳት፤ ንግግሯ እንደሚጠፋ፣ መዋጥ እንደሚያቅታት፣ ከዚያም የሚሆነውን። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«መስማቷስ?»

«እሱን በእርግጠኝነት አናውቅም።»

«እንግዲያው እናወራታለን» አለች።

ከዚያ በኋላ ስሄድ አባቷ ከሥራ መልስ ከመቆረጡ በፊት የሚቃጠለውን አገዳ ጥላሸት ሳይታጠብ አጠገቧ ተቀምጦ ውሎውን ሲነግራት አገኘዋለሁ። በዘጠነኛው ወር ስሟን ብጠራ ዓይኗን አላንቀሳቀሰችም። «ለድምፅ ምላሽ ትሰጣለች» ከሚለው ጎን «የለም» ብዬ ሞላሁ። አባቷ እስክሪብቶዬን አይቶ፣ «ትሰማለች» አለኝ። አልሰረዝኩትም።

ክረምት ላይ ቅጼን ይዤ ስደርስ ከተቀበረች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። አልቅሼ ልመለስ ስል እናቷ አስቀመጠችኝ።

«የመጨረሻውን ሳምንት አላየሽም። እኔ አይቻለሁ፤ ጻፊ።»

ትኩሳቱን፣ አተነፋፈሷን፣ መጨረሻ ላይ እጆቿ መንጠር መተዋቸውን ቀኑን እየለየች ነገረችኝ። ለዚህ ቅጹ ቦታ ስላልነበረው ጀርባው ላይ ጻፍኩት።

ሐኪሙ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። «በጥናቱ የቀሩትን ሦስት ቤተሰቦች ራሴ ሄጄ አነጋግራለሁ» አለ። ከሦስቱ ሁለቱ ጋ ሄደ።