ለፋሪዳ ያንኳኳሁላት መኪና

ባምላኩ እባላለሁ። አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነኝ፤ የተጨረመተ መኪና ቀጥቅጬ አቀናለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ጽሑፍ ላይ ደካማ ነኝ፣ ይቺንም ቀስ እያልኩ ነው የምጽፋት።

ፋሪዳ የግቢያችን ሰው ናት፤ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ሦስት ልጆቿን በታክሲ ወረፋ ማንገላታት ሰለቻትና መኪና ልትገዛ ተነሳች። ሁለት ተገኘላት። አንዷ ትንሽ ቪትዝ፣ ሌላው ያረጀ ትልቅ ባለ ሰባት ወንበር።

«ጋሼ ባምላኩ፣ እርስዎ ብረት ያውቃሉ። ዓለም ባንክ መንገድ ላይ ገልባጭ ቢገጨን ልጆቼን የሚያተርፍልኝ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ትልቋ ልጇ ከስልክ አሳትማ ያመጣችውን ወረቀትም ሰጠችኝ። ስለ መኪና ግጭት የተጻፈ ነው። ገለባብጬ አየሁት። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ እኔ ደግሞ አንድ መስመር ለመጨረስ ከንፈሬን ማንቀሳቀስ አለብኝ። እሷ ፊት አፈርኩ። «አዎ፣ ልክ ነው» አልኳት፣ ምኑ ልክ እንደሆነ ሳላውቅ።

እኛ ሰፈር መኪና የሚገዛ ሰው ባትላሜራ ይዞ ይሄዳል። ባትላሜራው በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፤ ድምፁ ከደነዘዘ የተጋጨው ቦታ ከቀለሙ ስር በስቱኮ ተለስኗል ማለት ነው። እኔም አብሬያት ሄድኩ። ደላላው ያደሳ ሲያየኝ ሳቀ።

«ዶክተሩ መጣ! በል መርምረው፣ ግን መርፌ እንዳታዝበት!»

ትልቁን መኪና ስጠጋው አወቅሁት። ካቻምና አፍንጫው ተጨፍልቆ መጥቶ ያቀናሁት እኔው ነኝ። መኪናውን የሚሸከመውን የፊት ሻንሲ በእሳት አሙቄ ጎትቼ በየድኩት። በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው የሚያድነው ኤርባግ ፈንድቶ ነበር፤ ባለቤቱ ሌላ አላስገባም፣ ሽፋኑን ብቻ አጣበቅንበት።

እጄ ግን ጉዳት መደበቅ ለምዶበታል። ደህና ደህናውን ቦታ እየመረጠ አንኳኳ። የኋላ በሩ፣ ጣሪያው፣ ኳ ኳ አለ። «ብረቱ ወፍራም ነው» አልኩ። የሸፈንኩት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

«ቪትዟስ?» አለች ፋሪዳ።

«እሷማ ቆርቆሮ ናት!» አለ ያደሳ። «ቢያስነጥሱባት ትጨረመታለች። አይደል እንዴ፣ ባምላኩ?»

ቪትዟን ሳላንኳኳት እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። ፋሪዳ ያንን እንደ አዎ ወሰደችው። ትልቁን ልትዋዋል ለማግስቱ ተቀጣጠሩ።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ትልቅ መኪና ሲጋጭ ይሻላል ይላል፣ ግን አካሉ ያልተነካ፣ ቀበቶውና ኤርባጉ የሚሠራ ሲሆን ነው። አዲስ ነገር አላገኘሁበትም። ሁሉንም እጄ ያውቀዋል። የባሰ ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለካ አለማንበቤን ሰበብ ላደርገው ፈልጌ ኖሯል።

ጠዋት ፋሪዳ የትንሹን ልጅ ጫማ ስታስር ደጇ ላይ ቆምኩ።

«ትልቁን አትግዢው» አልኳት። «ተጨፍልቆ የነበረ ነው። ያቀናሁት እኔ ነኝ። ኤርባግም የለውም።»

እጇ ክሩ ላይ ቀረ። «ታዲያ ትናንት?»

«አፈርኩ።»

«ሐፍረትዎ ከልጆቼ በለጠብዎት?»

ወረቀቱን ዘረጋሁላት፤ ተቀብላኝ ልጇን ይዛ ወጣች።

ቪትዟን ሙሐዲን የሚባል ሌላ ባትላሜራ አንኳኩቶ፣ ስሯም ገብቶ አየላት። ያልተነካች ናት አለ። እሷኑ ገዛች። አሁን መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ በመስኮቴ ትይዩ ትቆማለች። ፋሪዳ ስታልፍ ሰላም ትለኛለች፤ ጋሼ ግን አትለኝም።