ለፓምፑ የጠፋው ኩሽኔታ

አጎቴ ሲቆጣ ጆሮው ይቀላል። ከተማው «እሳቱ» ይለዋል፤ በፊቱ ግን ደፍሮ የሚጠራው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማችንን የውሃ ፓምፕ ጠግኗል። በትንሿ ግዛታችን እንደኛ ከተማ ከዋናው መንገድ የራቀ የለም። ዕቃ ሲታደል መጨረሻ የሚደርሰን፣ ምርጫ ሲቃረብ ግን መጀመሪያ የምንታወሰው እኛ ነን።

ፓምፑ መሥራት ያቆመው አንድ ኩሽኔታ ስለተሰበረ ነበር፤ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ክብ ብረት። አጎቴ ቁጥሯን ጽፎ ለግዛቲቱ የውሃ ቢሮ ደብዳቤ ላከ። «በግዛቲቱ ውስጥ አይገኝም» አሉት። ደግሞ ላከ፤ ያው መልስ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር አለፈ። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዱ ጀመር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አማቱም «እኔስ ምን ሆኜ ነው የምቀመጠው?» ብለው ወረዱ። ጭቃው አንሸራቶ ጣላቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። አጎቴ ቤት ሲገባ «እማማ እንዴት ዋሉ?» ማለት ራሱ ያሳፍረው ነበር።

አንድ ማክሰኞ የከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አስጠራው።

«ሐሙስ የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ይመጣሉ። አዲሱን ቦኖ ይመርቃሉ።»

«የቱን አዲስ?»

«ያው አሮጌው ነው፤ ቀለም ቀብተነዋል። ነገ ውሃ በቦቴ ይመጣልሃል፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ትገለብጠዋለህ። አስር ደቂቃ ከፈሰሰ ይበቃናል።»

«ከአስር ደቂቃ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ይሄዳሉ!»

አጎቴ ጆሮው እንደቀላ ወጣ። ረቡዕ የታዘዘውን ገለበጠ። ሐሙስ ማለዳ ግን በየቤቱ እየዞረ በር አንኳኳ። «ጀሪካን ያላችሁ ውጡ!» አለና ቫልቩን ከፈተው።

«ምርቃቱስ?» አለች ጎረቤቱ።

«ምርቃቱ ይኸው ነው፤ ቅጂ!»

አስተዳዳሪው ረፋዱ ላይ ደረሰ። ንግግር አደረገ፣ ሪባን ቆረጠ፣ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው ሁለቴ አስነጠሰ፤ አየር ተፋና ዝም አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ኃላፊው ላብ በላብ ሆነ።

አጎቴ ከሰው መሃል ወጣ። «ክቡርነትዎ፣ በቦቴ የላኩልንን ውሃ ቀድተነዋል፤ እግዜር ይስጥልን። ፓምፑ ግን ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ኩሽኔታዋን ይስጡንና ከፈለጉ በየቀኑ ይመርቁት።»

አስተዳዳሪው ፈገግ አለ። «ይፈለጋል» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

በሳምንቱ የመጣው ኩሽኔታ ሳይሆን የዝውውር ደብዳቤ ነበር። አጎቴን ከፓምፑ ነጥለው በግዛቲቱ የውሃ ቢሮ ምድር ቤት ያለው ዋና መጋዘን ውስጥ ዕቃ ደርዳሪ አደረጉት። በአራተኛው ቀን የአንድ መደርደሪያ አቧራ ሲያራግፍ በቅባት ወረቀት የተጠቀለሉ ስድስት ኩሽኔታዎች አገኘ። ቁጥሩን አነበበ። ዓይኑን አላመነም፤ ደግሞ አነበበ። ያው ነው።

«እነዚህ መቼ መጡ?» አላት አብራው የምትሠራውን ሴት።

«እኔ ስቀጠር እዚሁ ነበሩ። አምስት ዓመት ይሆናል።»

«ጠያቂ አጥተው?»

«ደብዳቤው ፎቅ ላይ ይቀራል፣ ጋሼ። እዚያ ያለው ሰውዬ ‹የለም› ብሎ ይፈርማል እንጂ ወርዶ አያይም።»

ያን ዕለት መጮህ እንኳ እንዳቃተው ነግሮኛል። የአማቱ ጩኸት፣ ከወንዙ በቃሬዛ ሲያወጧቸው የጮኹት፣ ጆሮው ላይ አቃጨለበት። አንዱን ኩሽኔታ አነሳ። በቦታው «አንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ» የሚል ወረቀት ትቶ ስሙን ጻፈ፤ ፈረመ። ለዘበኛው በእጁ የያዘውን እያሳየ ወጣና አውቶቡስ ተሳፈረ። በማግስቱ ከሰዓት ፓምፑ ዞረ።

በመንግሥት ንብረት ስርቆት ከሰሱት። ዳኛዋ «ዕቃው የት ነው?» ስትለው፣ «ፓምፑ ውስጥ ነው። የሚፈታው ሰው ይምጣ፤ ግን ቀድሞ ለሴቶቹ ይንገራቸው» አላት። ሊፈታ የመጣ ሰው አልነበረም። ክሱ ተዘጋ፤ ከሥራው ግን አባረሩት። አሁን ግቢው ውስጥ የወፍጮ ሞተር ይጠግናል።

አማቱ ዛሬም ቆመው አይሄዱም። ሰው መንገድ ላይ «እግዜር ይስጥህ፣ ውሃ አጠጣኸን» ሲለው ደሙ ይፈላል።

«እኔን ተዉኝ! ሳያይ ‹የለም› እያለ የሚፈርመውን ሰውዬ ጠይቁልኝ» ይላል።

ሰውዬውን ባለፈው ወር የውሃ ቢሮው ምክትል ኃላፊ አድርገው ሾመውታል።