ከባዶው ቦታ በኋላ

የአውቶቡስ ሾፌሩን ጓደኞቹ «ሳይሞላ» ይሉታል። ወንበሩ ሳይሞላ ነድቶ የሚወጣ ሰው ነዋ! ቲኬት ቆራጩ «ኧረ ቆይ!» ሲል እሱ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው። በዕድሜው ቆሞ የጠበቀው ነገር ቢኖር ቀይ መብራት ነው፤ እሱንም እያጉረመረመ።

አሁን ግን ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሙ «መሪ ላይ መቀመጥ ይብቃህ» ካለው ወዲህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ የስምሪት ክፍልን ፈተና አልፎ ቢሮ መግባት። ሁለቴ ተፈትኖ ሁለቴም ወድቋል። የሚጥለው አንብቦ መረዳት የሚሉት ጣጣ ነው። ምንባብ ይሰጣል፣ መሃል መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ አለ፣ ከአራት አንዱን ተስማሚ ቃል መምረጥ ነው። የዘንድሮው የመጨረሻው ነው፤ ከወደቀ ጡረታው ሳይደርስ ቤት መዋል ነው።

ስለዚህ ከእራት በፊት ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ታስጠናዋለች። ረጋ ያለች ልጅ ናት፣ በማን እንደወጣች እንጃ።

«አባባ፣ ባዶው ቦታ ላይ አትቁም። ቀጥሎ ያለውንም አንብብ፣ መልሱን የሚነግርህ እሱ ነው።»

«እሺ እሺ፣ ገባኝ።»

መች ገብቶት! ባዶው ቦታ ጋ ሲደርስ እጁን ይበላዋል፤ አፉ ላይ የመጣለትን አክብቦ ወደሚቀጥለው ይነዳዋል። ደግሞ ይነሳል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይቀመጣል። ጉልበቱ ጠረጴዛውን ሲንጠው የልጅቷ ማስመሪያ ወለል ላይ ይወድቃል።

ፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልጅቷ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ፊቱ አስቀመጠች። ከሆነ ቦታ ቀድታ ያመጣችው መሰለው።

«አባትየው ከሥራ ሲመለስ መሽቷል፣» ብሎ አነበበ። «ልጆቹ ኮቴውን ሲሰሙ...» ባዶ ቦታ። ምርጫዎቹ ተኙ፣ ዝም አሉ፣ ሮጠው ወጡ፣ አለቀሱ ይላሉ። እዚህ ላይማ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? «ዝም አሉ» የሚለውን አከበበ።

«ተሳስተሃል፣» አለችው።

«ምኑ ነው ስህተቱ?» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «አባት ሲገባ ልጅ ዝም ነው የሚለው! ሌላ ምን ሊል ነው? እስቲ ንገሪኝ!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ወጥ ቤት ሆኖ ሲያፏጭ የነበረው ታናሽ ወንድሟም ፉጨቱን አቋረጠ። ቤቱ ጭጭ አለ።

ሳይሞላ የሚገባበት ጠፋው። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ወረቀቱን አነሳና ከባዶው ቦታ በኋላ ያለውን ጮክ ብሎ አነበበ። «ትንሹ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ትልቋ ቦርሳውን ተቀበለችውና ትምህርት ቤት የዋለችውን ታወራለት ጀመር። እሱም ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማት።»

ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ይህን ከየት ቀዳሽው?»

«አልቀዳሁትም። የድሮዎቹ ጥያቄዎች ስላለቁ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«ሰውየውስ ማነው?»

«ማንም አይደለም፣» አለች ቶሎ ብላ።

ይህን ያለችው እንዳይከፋው ብላ መሆኑ አልጠፋውም። አፈረ። ብድግ ብሎ መውጣት አማረው፤ ወደ በር፣ ወደ መንገድ፣ ወደ ፈለገው ቦታ። እግሩ ከወንበሩ ሥር እየተቁነጠነጠ፣ እሱ ግን እንደምንም ወንበሩን ጨብጦ ቁጭ አለ።

«ዛሬስ... ትምህርት ቤት እንዴት ዋልሽ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ የምሩን ነው ወይ ብላ።

«አባባ፣ ፈተናህ እኮ ነገ ነው። የኔ ወሬ ደግሞ ረጅም ነው።»

«ይርዘም፣» አለና እርሳሱን አስቀመጠ።