አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ስልክ

ስልክ መደወል ሌላ፣ ሚስኮል ሌላ። እኔና ልጄ ለዓመታት የተነጋገርነው በሚስኮል ነው። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ፣ ሥራ ገብቻለሁ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ፣ ከሥራ ወጥቼ ቤት ደርሻለሁ። ሦስቴ ከሆነ ደግሞ እሁድ እመጣለሁ፣ ዶሮ ባይኖር እንቁላል አይጥፋ። ከሦስት በላይ ቋንቋ አልነበረንም። ሕጉም አንድ ነበር፤ አይነሳም። ካነሳሁት ካርዷን እበላባታለሁ።

ያለችኝ ልጅ አንድ ናት። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ ከሦስት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ኮዬ ፈጬ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። እኔ እዚሁ አቃቂ፣ ከሐዲዱ አጠገብ፣ አባቷ ትቶልኝ በሄደው የቀበሌ ቤት አለሁ። ሩቅ አይደለም ይሉኛል። ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ግን ከዚህ ጎንደር ነው።

ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ፊደል አውቃለሁ፣ ቁጥር አውቃለሁ፤ ስልክን ግን እፈራዋለሁ። አንድ ቀን የጤና ምክር በየቀኑ ይድረስዎት የሚል መልእክት መጣና እሺ የሚለውን ነካሁት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው «እንደምን አደሩ» እያለ የሞላሁትን ካርድ ይጠጣዋል። ልጄ «ላጥፋልሽ» ብትለኝ «ተይው» አልኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም። በዚህ ግቢ ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ሠራተኞች ናቸው፤ ሳይነጋ ይወጣሉ። ረፋድ ላይ ብቅ ብዬ ሳይ አምስት በር፣ አምስት ቁልፍ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ እንዲህ አልነበረም። ከሐዲዱ ማዶ የነበረው ፋብሪካ ጡሩምባ ነበረው። ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል፤ ገቡ እንላለን፣ ወጡ እንላለን። ድስት የምጥደው በሱ ነበር። የሰው ሁሉ ባል በአንድ ድምፅ ይመጣ ነበር። የልጄ ፋብሪካ ድምፅ የለውም። በር ላይ ጣቷን ማሽን ላይ ታሳርፋለች፤ አንዲት ደቂቃ ብታረፍድ ማሽኑ ያውቃል፣ እናቷ አታውቅም። ስልኳንም የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነው የምትገባው። ከሻይና ከምሳ ሰዓት በቀር አታየውም። እንግዲህ የጠዋቷ አንድ ጥሪ፣ የማታዎቹ ሁለት ጥሪዎች፣ እነሱ ነበሩ ጡሩምባዬ።

አምና፣ ክረምቱ እየወጣ፣ አንድ እሁድ ፊቷ በርቶ መጣች።

«እማ፣ ወርሃዊ ጥቅል ገዛሁ። ገደብ የለውም። ከእንግዲህ ሚስኮል ቀረ፤ እንደ ልባችን እናወራለን። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኳት። ደስታዋን እንዳላበላሽ ብዬ ነው እንጂ አልገባኝም ነበር። እኔ የማውቀው ስልክ ሲነሳ የሚበላ ነገር መሆኑን ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምስር እየለቀምኩ ስልኩ ጠራ። ቻርጅ ላይ ሰክቼው ነበር። ይዘጋል ብዬ ብጠብቅ አይዘጋም፤ ጠርቶ ጠርቶ ሲደክመው ቆመ። በዚህ ሰዓት ምን አስደወላት እያልኩ ደግሞ ጠራ። ደግሞ ለሦስተኛ። እሁድ ልትመጣ ነው ብዬ ልቤ ትንሽ አረፈ። አራተኛው ሲመጣ ግን ምስሩን አስቀምጬ ተነሳሁ። አራት ለኛ ትርጉም የለውም። ሕጉን ያስረሳት ምን ቢያገኛት ነው? መርፌው ጣቷን በላት? መኪና? ላንሳው እልና፣ ሐኪም ቤት ወድቃ ከሆነ የቀረቻት ካርድ ያቺው ናት፣ እኔ ልጨርስባት ነው? እላለሁ። እጄ ስልኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ጥሪው ቆመ። ከዚያ ዝም።

ልደውል ብል ካርዴን የጤናው ምክር ጠጥቶታል። ጎረቤት ልለምን ብል አምስት በር፣ አምስት ቁልፍ። ነጠላዬን አንጠልጥዬ፣ በሩን ቆልፌ ሮጥኩ። ስልኩን ከነቻርጁ ትቼው መውጣቴ ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቤ ያለችውን ልጅ ላስቸግራት ብዬ አየኋት፤ ሁለቱንም ጆሮዋን ደፍናለች። ብትሰማኝስ? የልጄን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። ስልኩ ያውቀዋል ብዬ እኔ ይዤው አላውቅም። ታክሲው ሙሉ ነበር፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል፤ እንባዬን ያየ ሰው የለም።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ታክሲ ቀይሬ ቂሊንጦ ደረስኩ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆሟል።

«ልጄ ምን ሆነች?» አልኩት።

«የቷ ልጅ ማዘር? እዚህ ያለው ሁሉ የሰው ልጅ ነው።»

ስሟን ነገርኩት። ወደ ውስጥ ደውሎ ጠየቀና ትክ ብሎ አየኝ።

«እሷማ ወጣች። እናቴ ስልክ አታነሳም፣ ብቻዋን ናት፣ አንድ ነገር ሆናለች ብላ እያለቀሰች። አለቃዋ ቆዪ ቢላት ጥላው ሄደች ነው የሚሉኝ። እናትየዋ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እና እርስዎም ደህና፣ እሷም ደህና! ሰላም ሆናችሁ ነው የምትሳደዱት?» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። «ጥላው ሄደች» የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። እንጀራዋን ነው ጥላ የሄደችው፤ በኔ ምክንያት።

ስመለስ ልጄ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላለች። ቁልፉ ከውጭ መሆኑን እያየች ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ትደውላለች፤ ውስጥ ስልኬ ባዶ ቤት ይጠራል።

«የት ሄደሽ ነው?» ብላ ጮኸች።

«አንቺ ጋ።»

«ለምን አታነሺውም?»

«አታንሺ ብለሽኝ!»

«እሱ ድሮ ነው እማ! ጥቅል ገዛሁ አላልኩሽም? ገባሽ ስልሽ ገባኝ አላልሽም?»

«አልገባኝም ነበር።»

አየችኝ። ሳቀች፤ ሳቋ መሐል መንገድ ላይ ልቅሶ ሆነ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለመሆኑ ምን ልትይኝ ነበር?»

«ምንም። የሻይ ሰዓት ነበር። ምን እየሠራሽ ነው ልልሽ።»

«ምስር እየለቀምኩ» አልኳት።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጧት። ብትደግም እንደሚያሰናብቷት ተጽፎበታል። ሳነብ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ያንን ደብዳቤ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው ደብዳቤ በኔ እንዳይመጣ ነው ፍርሃቴ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጆሯችን እስኪግል አወራን። ምን በላሽ፣ ማን መጣ፣ መብራት አለ ወይ። በሁለተኛው ሳምንት ወሬያችን አለቀ። ከዚያ «በኋላ እደውልልሻለሁ» መጣ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። አልፈርድባትም፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሳ ውላ ማታ ለእናቷ የሚሆን ምን ቃል ይተርፋታል? ግን የታዘብኩትን ልናገር፤ ካርድ ብርቅ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን አጉድላብኝ አታውቅም። ገደብ የለውም ከተባለ ወዲህ፣ መቼም መደወል ይቻላልና ነገ ይሆናል ይባላል። እኔ ደግሞ መደወል እፈራለሁ። ያልተለመደ ጥሪ አይታ ደግሞ ሥራ ጥላ ብትሮጥስ?

ባለፈው እሁድ ስትመጣ እንደምንም ደፍሬ ነገርኳት። «ያቺን ሚስኮል መልሺልኝ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ሁለቴ። አላነሳም።»

«ጥቅል እያለ ሚስኮል? ሰው ይስቅብኛል እኮ!»

«ይሳቅ።»

«እሺ» አለችኝ። እሺታዋ የኔን «ገባኝ» ይመስል ነበር።

ሰኞ አልጠራም። ማክሰኞም አልጠራም። ዛሬ ጠዋት፣ ሥራ በምትገባበት ሰዓት፣ አንዴ ጠራና ተዘጋ። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መለስኩት። ኔትወርክ ይቁረጠው፣ እሷ ትዝጋው፣ አላውቅም። ገብታለች ብዬ ወሰድኩት። ለማታ ሁለቱን እጠብቃለሁ።